ሁለት ሳንቲም፣ ሁለት ዳይስና የዕቁብ ዕጣ፦ የ8ኛ ክፍል ልጄን በምን ላስረዳው?

የሸዋበር እናት (ደሴ) ጠየቀች፦

ሰላም ወገኖቼ። ልጄ 8ኛ ክፍል ነው፤ ፕሮባቢሊቲ ጀምረዋል። ሦስት ጥያቄ የቤት ሥራ ተሰጠው። ሦስቱንም በልበ ሙሉነት ሠርቶ ሦስቱም ላይ ኤክስ ተደርጎበት መጣ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እኔም መልሱን ሳየው ትክክል ነው የሚመስለኝ።

1ኛው፦ ሁለት ሳንቲም አብረው ቢወረወሩ አንዱ ዘውድ፣ አንዱ ጎፈር የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? ልጄ «ወይ ሁለቱም ዘውድ፣ ወይ ሁለቱም ጎፈር፣ ወይ ድብልቅ። ስለዚህ 1/3» አለ።

2ኛው፦ ሁለት ዳይስ ተጥሎ ድምሩን ገምት ብትባል የትኛውን ቁጥር ትመርጣለህ? «ከ2 እስከ 12 አሥራ አንድ ቁጥር አለ፤ ሁሉም እኩል ነው» ብሎ ጻፈ።

3ኛው፦ ሳንቲም አምስት ጊዜ ተከታትሎ ጎፈር ወጣ። በስድስተኛው ምን ትጠብቃለህ? «አሁንማ የዘውድ ተራ ነው።»

አባቱ «ዕድል አይሰላም፣ ተወው» ብሎ ተገላገለ። እኔ ግን ፈተና ሳይደርስ ባስረዳው ደስ ይለኛል። ቀለል አድርጋችሁ ንገሩኝ።

የኮምቦልቻ መምህር መለሰ፦

አብሽሪ እህታለም። 1ኛው ጥያቄ ላይ ልጅሽ ብቻውን አይደለም። ዳላምቤር የሚባል ታላቅ የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ በአውሮፓውያን 1754 የጻፈው አለ። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመምጣት ዕድሉ 2/3 ነው አለ። ትክክሉ 3/4 ነው። እሱም እንደ ልጅሽ ሦስት ነገር ቆጠረና እኩል ናቸው ብሎ አሰበ።

አንድ ብርና አንድ ሃምሳ ሳንቲም ስጪው። የተለያዩ መሆናቸው ነው ቁም ነገሩ። አንበሳው ያለበትን ጎፈር በሉት፣ ሌላውን ዘውድ። (የዛሬው ብር ላይ ዘውድ የለም፣ ሚዛን ነው ያለው። ልጆቹ ግን ዛሬም ዘውድ ነው የሚሉት።) አሁን የሚወጣውን ሁሉ ይጻፍ፦ ብሩ ዘውድ ሃምሳው ዘውድ፤ ብሩ ዘውድ ሃምሳው ጎፈር፤ ብሩ ጎፈር ሃምሳው ዘውድ፤ ብሩ ጎፈር ሃምሳው ጎፈር። አራት ናቸው። ድብልቁ በሁለት መንገድ ይመጣል፣ ስለዚህ 2/4፣ ማለትም ግማሽ። ሳንቲሞቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑም መልሱ አይለወጥም። የእኛ ዓይን አለመለየቱ ለሳንቲሙ ምኑም አይደለም።

2ኛውም ያው ነው። አንዱ ዳይስ ቀይ፣ አንዱ ነጭ ይሁን። 6 በ6 ሠንጠረዥ ይሥራና 36ቱን ሳጥን በድምር ይሙላው። 2 አንድ ሳጥን ብቻ ላይ ይገኛል፣ 1 እና 1። 7 ግን ስድስት ሳጥን ላይ አለ፤ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ተሰልፎ ያገኘዋል። ስለዚህ 7 የመምጣት ዕድሉ 6/36 ነው፣ 2 ደግሞ 1/36። 6ና 8 አምስት አምስት ሳጥን አላቸው። ምርጫው 7 ነው። ሠንጠረዡን ራሱ በእጁ ይሙላው፤ አንቺ ከሞላሽለት ነገ ይረሳዋል።

ወልዲያ ካምፓስ መለሰ፦

3ኛውን እኔ ልሞክር። ሳንቲም ትዝታ የለውም። አምስት ጊዜ ጎፈር መውጣቱን አያውቅም። ስድስተኛው ላይም ግማሽ በግማሽ ነው።

ልጆች የሚምታታባቸው እዚህ ጋ ነው። ገና ሳይጀመር «ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ጎፈር የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው?» ቢባል መልሱ 1/64 ነው፤ በጣም ትንሽ። አምስቱ ከወጡ በኋላ ግን ጥያቄው ስለ አንድ ውርወራ ብቻ ነው። አምስቱ አልፈዋል። ጥያቄውን ሲያነብ «ስንቱ ገና አልሆነም?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

የሸዋበር እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱ ገብተውታል፣ ለኔም ገብተውኛል። ሦስተኛው ላይ ግን ልጁ ያዘኝ። «ብዙ ሲወረወር ግማሽ ይሆናል ካላችሁ፣ ዘውድ ሳይካካስ እንዴት ግማሽ ይሆናል?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ወልዲያ ካምፓስ፦

የልጁ ጥያቄ ከቤት ሥራው ይበልጣል። እውነት ነው፣ እኛም ክላስ ውስጥ ተከራክረንበታል።

ዘውድ አይካካስም። የቀደመው ብልጫ በብዛት ይዋጣል እንጂ አይመለስም። አስቢው፦ አምስት ጎፈር ወጥቷል። ከዚያ ሌላ 1000 ጊዜ ብንወረውርና እንደሚጠበቀው 500 ለ500 ቢመጣ፣ ጎፈር በጠቅላላው 505 ይሆናል፣ ከ1005 ውስጥ። በመቶኛ 50.2 ገደማ ነው። የአምስቱ ብልጫ አልጠፋም፣ እዚያው አለ። ግን ማን ያየዋል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኬሪች የሚባል የሒሳብ ሰው ጀርመኖች በያዟት ዴንማርክ ውስጥ ታግቶ ሳለ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወርውሮ መዝግቧል። አንደኛው ገጽታ 5,067 ጊዜ ወጣ። ከግማሽ 67 ብልጫ አለው፤ በመቶኛ ግን 50.67 ነው። ትንበያ የሚሠራው ለብዛት ነው። ለሚቀጥለው አንድ ውርወራ ማንም ምንም ሊነግርሽ አይችልም።

የዕቁብ ዳኛ (ሐይቅ)፦

ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ሳንቲም ስታወሩ እኔ የየሳምንቱ ጭቅጭቄ ትዝ አለኝ። ዕቁብ እመራለሁ። ዕጣ ሲወጣ ሁሉም «እኔ መጀመሪያ ላንሳ» ይላል። መጀመሪያ ያነሳ ዕድሉ ይሰፋል የሚሉ አሉ፤ ሌላው ደግሞ «ወረቀቱ ሲያንስ ይሻላል» ብሎ መጨረሻ መሆን ይፈልጋል። የቱ ነው እውነቱ? የተማራችሁ ፍረዱኝ።

የኮምቦልቻ መምህር፦

ጋሼ፣ ሁለቱም ልክ አይደሉም። 12 ሰው፣ 12 ወረቀት፣ አንዱ ላይ ምልክት አለ እንበል። መጀመሪያ የሚያነሳው ዕድሉ 1/12 ነው። ሁለተኛው እንዲያገኝ በመጀመሪያ አንደኛው መሳት አለበት፤ ያ 11/12 ነው። ከዚያ ከቀሩት 11 ውስጥ ምልክቱን ማንሳት አለበት፤ 1/11። ሲባዙ 1/12 ይመጣል። ሦስተኛውም፣ አሥራ ሁለተኛውም ያው ነው። ወረቀቱ ሲያንስ ይሻላል የሚለው ሰው፣ እሱ ጋ ሳይደርስ ሊወጣ እንደሚችል ረስቷል።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ የሚሠራው ወረቀቶቹ እኩል ከሆኑ ነው። አንዱ ወፍራም ከሆነ፣ አንዱ ከላይ ከተቀመጠ፣ ሒሳቡ ገደል ገባ። ከአንድ ደብተር ይቀደድ፣ አንድ ዓይነት ይታጠፍ፣ በደንብ ይናወጥ።

የሸዋበር እናት፣ ይህን ለልጅሽ ስጪው። ከዳይሱ ይልቅ ዕቁቡን ቶሎ ይረዳዋል።

የዕቁብ ዳኛ (ሐይቅ)፦

ተባረክ ልጄ። እሑድ አነብላቸዋለሁ። አያምኑኝም እንጂ።

ደላንታዬ፦

እኔ አንድ ነገር ላንሳ። ታናሽ ወንድሜ «ነገ ወይ ይዘንባል ወይ አይዘንብም፣ ስለዚህ 50 በመቶ ነው» ይለኛል። እንደ ሳንቲሙ ሁለት ነገር ነው ያለው አይደል?

ወልዲያ ካምፓስ፦

ሁለት መሆናቸው እኩል አያደርጋቸውም። ሐምሌ ላይ ደሴ ያለ ሰውና ጥር ላይ ያለ ሰው ይህን እኩል ይገምታሉ? ሳንቲሙን ግማሽ በግማሽ ያልነው ሁለት ገጽታ ስላለው ብቻ አይደለም። አንዱን ገጽታ ከሌላው የሚያስበልጥ ምክንያት ስለሌለ ነው። ዝናብ ላይ ግን ወቅቱም ደመናውም ነፋሱም አለ።

እንዲህ ላለው ነገር መዝገብ ያስፈልጋል። ወንድምህ በየቀኑ ደብተር ላይ ዘነበ፣ አልዘነበም ብሎ ይጻፍ። የዘነበባቸውን ቀናት ለጠቅላላው ያካፍል። ይህ ከሙከራ የሚገኝ ፕሮባቢሊቲ ይባላል። የሳንቲሙና የዳይሱ በሐሳብ ብቻ ይሰላል፤ ዝናብ ግን መቆጠር አለበት።

ደላንታዬ፦

እሺ ገባኝ። የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች በልግ ሲደርስ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» እያሉ በመቶኛ የሚናገሩት ለዚህ ነው ማለት ነው። አባቴ ሬዲዮኑን ሰምቶ «ወይ ይዘንባል በል፣ ወይ አይዘንብም በል» እያለ ይቆጣል። የበልግ ገብስ የሚዘራ ሰው ቁርጡን ቢፈልግ አይፈረድበትም መቼም።

የመርሳ ልጅ፦

ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው፣ ቤቲንግ። ጓደኞቼ ስድስት ጨዋታ በአንድ ቲኬት ይቆርጣሉ። ሁሉም «የሚያሸንፍ» ቡድን ነው ይሉሃል። ሁልጊዜ «አንድ ቡድን በላኝ» ነው ወሬው። ለምንድን ነው?

የኮምቦልቻ መምህር፦

የልጆቹን ምዕራፍ እዚህ ድረስ ብንወስደው ደስ ይለኛል። እያንዳንዱ ቡድን የማሸነፍ ዕድሉ 70 በመቶ ይሁን፤ ጥሩ ነው። ስድስቱም አብረው እንዲያሸንፉ 0.7ን ስድስት ጊዜ ታባዛለህ። ወደ 0.12 ይወርዳል። ከመቶ ቲኬት 12 ገደማ ብቻ ነው የሚሳካው። «አንድ ቡድን በላኝ» የሚለው ሰው መጥፎ ዕድል የደረሰበት ይመስለዋል፤ የደረሰበት ግን የሚጠበቀው ነገር ነው። የቤቲንግ ቤቱ የሚከፍለውን ሲወስን ደግሞ የራሱን ትርፍ አስቀድሞ ቀንሶ ነው።

የሸዋበር እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሠንጠረዡን ራሱ ሞልቶ ጨረሰ። የዕቁቡን አባቱ ሰምቶ «እስቲ ድገመው» አለው። አሁን ደግሞ ልጁ ሌላ ጥያቄ ስጡኝ እያለ ነው።

ወልዲያ ካምፓስ፦

ይኸው እንግዲህ። ሦስት ዳይስ ቢጣል ድምሩ 9 ነው 10 የሚበዛው? ሁለቱም በስድስት ዓይነት ቅንብር ይመጣሉ። ለምሳሌ 9 በ1-2-6፣ በ3-3-3፤ 10 በ1-3-6፣ በ3-3-4። ጣሊያን ውስጥ ቁማርተኞች 10 ትንሽ እንደሚበዛ አስተዋሉና ግራ ገባቸው። መልሱን የሠራላቸው ጋሊሊዮ ነው። ልጁ ሦስቱን ዳይስ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር ብሎ ይቁጠር። 216 ውጤት አለ። ከዚያ ውስጥ ለ9 25፣ ለ10 27 ካገኘ ልክ ነው። ካላገኘ 3-3-3ን ስንት ጊዜ እንደቆጠረው ጠይቂው።