ጥቆማ፦ ውኃ አብዝታ የምትጠጣ ውሻ የት ትመርመር?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ 20 ኪሎ የምትመዝን የ8 ዓመት ውሻ አለችኝ። በዚህ ብርድ አንድ ጆግ ውኃ የማትጨርሰው ውሻ፣ ሰሞኑን በቀን 3 ሊትር ትጠጣለች፤ ሌሊትም ለሽንት በር እየቧጠጠች ትቀሰቅሰናለች። ደምና ሽንት በአግባቡ የሚመረምር ክሊኒክ ከተማችን ውስጥ ካለ ጠቁሙኝ፤ ካልሆነ ቢሾፍቱ ወዳለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ልወስዳት አስቤአለሁ።

ከጠባሴ፦ ስሙን የማልጠራው አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት፣ የሚያሳክከውን ውሻዬን ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ መርፌ ወጋብኝ። ከዚያ በኋላ ውሻው ከሣህኑ ቀና ሳይል እየጠጣ በረንዳውን በሽንት አጥለቀለቀው፤ ተመልሼ ብጠይቅ «ብርዱ ነው» አሉኝ። መርፌው ዴክሳሜታዞን እንደነበረና ጥማት እንደሚያመጣ የነገረኝ ሌላ ሐኪም ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኛ ዘንድ በሙቀቱ የማይጠጣ ውሻ የለም። ለመሆኑ የእብድ ውሻ ክትባት አሁን የት ይገኛል?

የድሮ ደንበኛ፦ የትኛውን ቤት እንደሚያሙ ገብቶኛል። ለ12 ዓመት የበጎቼን የትል መድኃኒት ከዚያ ስገዛ አንድም በግ አልሞተብኝም።

ከደብረ ሲና፦ እንኳን ደስ አለዎት! በጎቹ ስኳራቸውን ተለክተው ነበር?

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦ በቀን ከ100 ሚሊ ሊትር በኪሎ በላይ ከጠጣች ከልክ አልፏል፤ ለእርስዎ ውሻ ልኩ 2 ሊትር ነው። የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የአድሬናል ዕጢ በሽታ ሊሆን ይችላል። ካልመከነችና ወንድ ከፈለገች ጥቂት ሳምንታት ካለፉ ግን ማህፀኗ መግል ቋጥሮ እንደሆነ አስቀድመው ያስመርምሩ፤ ይህ ቀዶ ሕክምና የሚሻ አስቸኳይ ነገር ነው። የማለዳ ሽንቷን በንጹሕ ጠርሙስ ይያዙ። ለሰው የሚያገለግለው የሽንት ስትሪፕ ስኳሩን ያሳያል፤ ኩላሊቷን ለማወቅ ግን የሽንቱን መቅጠን የሚለካ መሣሪያና የደም ክሬያቲኒን ምርመራ ስለሚያስፈልግ፣ ክሊኒኩ እነዚህ እንዳሉት ከመሄድዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ። ውኃ ግን በፍጹም እንዳይከለክሏት።

ከጠባሴ፦ የመርፌውን ገንዘብ እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።

ጠያቂ፦ አልመከነችም፤ ወንድ ከፈለገች ወር ተኩል ሆኗታል። ሽንቷን ዛሬ ጠዋት በወጥ ጭልፋ ተቀብዬ ይዣለሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሚኒባስ ውሻ ይጭናል?

ከደብረ ሲና፦ በግ ቢሆን ኖሮ ጣሪያው ላይ ይጭኑልዎት ነበር።