ማታ ፍሪዘር የሚያጠፋ ሱፐርማርኬት ይቀጣ ወይስ ይተው?

አወያይ፦ ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ሙቀቱ በጠና ቁጥር የሚነሳ ቅሬታ ነው። አንዳንድ ሱፐርማርኬት ማታ ሲዘጋ፣ አንዳንዱም ቀን ለበርጫ (ለጫት መቃሚያ) ሰዓት ሲዘጋ፣ ቆጣሪ እንዳይበላበት የፍሪጅና የፍሪዘሩን ሶኬት ነቅሎ ይሄዳል ይባላል። ያበጠ እርጎና ቀልጦ መልሶ የረጋ አይስክሬም የሚገጥመን ለዚህ ነው የሚሉ አሉ። ይቀጣ ወይስ ይተው?

የከዚራው (የድሬ ሰፈር)፦ አቦ ይቀጣ እንጂ! የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጊዜው ያለፈበት ዕቃ መሸጥን ይከለክላል። ግን የበረዶ ዶሮ ፓኬት ላይ የታተመው ቀን የሚሠራው ዶሮው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ከቆየ ነው። አንዴ ቀልጦ ካደረ ቀኑ ጌጥ ነው። መልሶ ማርጋት ባክቴሪያን አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ቤት ወስደህ ስታቀልጠው ካቆመበት ይቀጥላል።

ባለሱቅ፦ ረጋ በሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት 11 ሰዓት ነው። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው 24 ሰዓት ይይዛል። 11 ሰዓት ምን ያመጣል? ደግሞስ መብራት ራሱ ሲጠፋ ማንን ልትቀጡ ነው?

ፍሪጅ ሠሪው፦ የጠቀስከው ቁጥር የክዳኑ ዙሪያ ላስቲክ ደህና ለሆነ ፍሪዘር ነው። መፈተሽ ቀላል ነው፦ አንድ የብር ኖት በክዳኑና በከንፈሩ መሀል አድርገህ ዝጋና ሳበው። ሳይይዝ ሸርተት ብሎ ከወጣ ላስቲኩ አልቋል፣ ቅዝቃዜው ሌሊቱን ሙሉ ያመልጣል። በግንቦት የድሬ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ 48 ሰዓቱን እርሳው።

ከሁሉ በላይ ግን ፍሪዘርና ፍሪጅ አታምታታ። ፍሪዘር የረጋ በረዶ ይዟልና ይታገላል። 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚፈጀው ሙቀት ያንኑ ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ያደርሰዋል። እርጎ፣ ወተትና ቅቤ ያለበት ፍሪጅ ግን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። በሩ ተዘግቶም ቢሆን ደህንነቱ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። 11 ሰዓት ያደረ እርጎ ክዳኑ ቢነፋ ምን ይገርማል?

ማጥፋቱ ትንሽ ይቆጥባል፣ አልክድም። ቆጣሪ የሚበላው ግን ሌላ ነው፦ አቧራ የለበሰ ኮንደንሰር (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ቱቦ)፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማሽን፣ ጎኑ ላይ ጣት የሚያህል የጋገረ በረዶ። ኮንደንሰሩን በየወሩ በብሩሽ ጥረግ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀው፣ በረዶውን አራግፍ። ማታ የመስታወት ክዳኑን በብርድ ልብስ ሸፍን፤ የአየር መውጫውን ብቻ አትድፈን።

ከሐረር፦ እኛ ጋ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ድሬ ሌሊትም ይሞቃል። ለሁለቱ ከተማ አንድ ዓይነት ቅጣት ፍርደ ገምድል ነው።

ፍሪጅ ሠሪው፦ እርጎ ከተማ አይመርጥም። መቀመጥ ያለበት 4 ዲግሪ ሐረርም 4 ዲግሪ ነው።

ከሐረር፦ እሺ፣ ደንበኛውስ? ዶሮውን ከፍሪዘር ያነሳል፣ ዘይትና ፓስታ ጋ ይዞት ይዞራል፣ ሐሳቡን ሲቀይር ብስኩት መደርደሪያ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ሥጋ ውጭ መቆየት ያለበት ቢበዛ 1 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ደረቁን ሰብስብ፣ በረዶውን ሂሳብ ልትከፍል ስትል አንሳ። ከዚያ በቀጥታ ባጃጅ።

የሳቢያኗ (ይሄም የድሬ ሰፈር ነው)፦ እስኪ እኔ ለገዢው ልናገር። አይስክሬሙ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ከረጋ ወይም ከአፉ ጎድሎ ከታየ ቀልጦ ነበር። ዶሮው ላይ ብናኝ በረዶ ብቻ መኖሩ ወንጀል አይደለም፣ በደህና ፍሪዘርም ይመጣል። ከረጢቱ ጥግ ሮዝ የበረዶ ድንጋይ ተጠራቅሞ ካየሽ ግን መልሺው፤ ከሥጋው የወጣው ፈሳሽ መልሶ የረጋ ነው። UHT የሚለውን (በከፍተኛ ሙቀት የተዘጋጀውን) የካርቶን ወተት ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ባታገኚው አትናደጂ፣ እስኪከፈት ድረስ ውጭ ይቀመጣል። ባለሱቆቹ እሱን ፍሪጅ ውስጥ ደርድረው እርጎውን በር ላይ ማውጣታቸው ነው የሚያናድደው።

ባለሱቅ፦ የግመል ወተት ሻጮቹስ? ያለ ፍሪጅ ነው የሚሸጡት፣ ማን ጠየቃቸው?

የሳቢያኗ፦ እነሱ ዕቃውን በጢስ ያጥኑታል፣ የግመል ወተትም ከላሙ ቀስ ብሎ ነው የሚኮመጥጠው። አንተ እርጎህን ታጥናለህ?

የከዚራው፦ ቅጣት ካለ ማስረጃ ያስፈልጋል። በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ይርጋ፣ ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ይቀመጥ፣ አፉ በፕላስተር ታሽጎ ተቆጣጣሪው ይፈርምበት፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ይደር። ጠዋት ሳንቲሙ ከሰመጠ ቀልጦ ነበር። ለፍሪጁ ደግሞ የሌሊቱን ከፍተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር።

ባለሱቅ፦ ይፈረም። መብራት በጠፋ ሌሊት ሳንቲሙ ሲሰምጥ ግን እኔ ላይ እንዳትመጡ።

ፍሪጅ ሠሪው፦ መብራት የጠፋ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያንተ ብቻ የጠፋ ለታ ነው የምንመጣው።