ካርቦኑን የሚያበዛው የሰው ብዛት ነው ወይስ ሀብት?

የአራት ኪሎው፦ ትናንት ቡና ላይ አንዱ ጓደኛችን «ዓለም የምትሞቀው ድሃ አገር ልጅ ስለሚያበዛ ነው» ብሎ ነበር። አልዋጥልህ አለኝ፣ እዚሁ እንጨርሰው። እኛ በተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ130 ሚሊዮን በላይ ነን። ኳታር 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነው ያላት። ከነዳጅ፣ ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው፣ ዓለምን የሚያሞቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን የእሷ ከእኛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለአንድ ሰው ሲካፈል በዓመት ኳታር ከ35 ቶን በላይ፣ አሜሪካ 14 ቶን አካባቢ ነው። እኛ 0.2 እንኳ አንሞላም። ታዲያ የገጠሯን እናት ለምን ወለድሽ ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የፒያሳው፦ ቆይ እስቲ። በነፍስ ወከፍ ብቻ ካየኸው ቻይናን የት ልታደርጋት ነው? ለአንድ ሰው 8 ቶን ገደማ ነች፣ ከአሜሪካ በጣም ታንሳለች። በጠቅላላው ግን የአሜሪካን ከእጥፍ በላይ ትለቃለች። 1.4 ቢሊዮን ሰው ለውጥ አያመጣም እንዳትለኝ።

የአራት ኪሎው፦ ህንድም እኮ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ናት! ለአንድ ሰው 2 ቶን ገደማ ነው። የሰው ቁጥር ተቀራራቢ ሆኖ የቻይና ልቀት ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነው በብረቱ፣ በሲሚንቶውና ለመላው ዓለም በሚያመርተው ፋብሪካ ነው።

የቂርቆሷ፦ ሁለታችሁም ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ረሳችሁት። ጃፓናዊው የኃይል ጉዳይ ተመራማሪ ዮይቺ ካያ ነገሩን በአራት ነገሮች ብዜት አስቀምጦታል፦ የሕዝብ ብዛት፣ የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ ለዚያ ገቢ የሚፈጀው ኃይልና ከኃይሉ የሚወጣው ካርቦን። ፈረንሳይ ሀብታም ናት፣ ግን አብዛኛውን መብራቷን ከኒውክሌር ስለምታገኝ ለአንድ ሰው ከዓለም አማካይ በታች ናት። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ኢኮኖሚዋ እያደገ ልቀቷ በግማሽ ያህል ወርዷል።

የእኛን ቤት ልንገራችሁ። እንጀራ የምንጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፣ መብራቱም ከግድብ ነው የሚመጣው። መብራት ሲጠፋ ግን አጠገባችን ያለው ፎቅ ጄኔሬተሩን ያስነሳል፣ የናፍጣው ጭስ በመስኮት ይገባል፣ እኔም ወጡ እንዳይቀር ብዬ ከሰል አያይዛለሁ። ቤቱ ያው፣ ሰዉ ያው፣ ደሞዙም ያው ነው። የተቀየረው ኃይሉ ብቻ ነው።

የፒያሳው፦ ይሄን እቀበላለሁ። ግን ያ 0.2 ቶን የእንጨት ከሰሉን፣ የሚመነጠረውን ደንና ከብቱ የሚለቀውን ሚቴን የሚባል ጋዝ አይቆጥርም። እዚያ ላይ ደግሞ የሰዉ ቁጥር ይገባል፣ ማገዶ የሚፈልግ ቤት በበዛ ቁጥር ዛፍ ይቆረጣላ።

የአራት ኪሎው፦ እውነትህን ነው፣ ያን መዝለል አልነበረብኝም። ሁሉንም ደምረንም ግን አንድ ኳታር የሚኖር ሰው አጠገብ አንደርስም። ደግሞ ከሰሉን የሚያስተወን ሀብት ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፣ እሰየው። መኪና የሌለው ቤት የሚጠብቀው ግን የማይቋረጥ መብራትና ምድጃ የሚገዛበት ገንዘብ ነው፣ እኔም ቅድሚያ ይሰጠው የምለው ለዚያ ነው።

የቂርቆሷ፦ በዚህስ ተስማምተናል። አሁን መብራት መጣ፣ ሊጡ ሳይኮመጥጥ ልጋግር።