ይህን ለቆራሌው፣ ያንን ለልዋጭ

አዲሷ ጎረቤቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው። በረንዳዋ ላይ ቆሻሻና አሮጌ ዕቃ ፌስታል በፌስታል ተከምሮ አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። «ለማን ነው የሚሰጠው?» አለችኝ። ለአንድ ሰው አይደለም፣ እንደ ዕቃው ነው።

ዋናዎቹ በማኅበር የተደራጁት ሰብሳቢዎች ናቸው። ቤት ለቤት በጆንያ ሰብስበው እስከ ገንዳው ያደርሱታል። ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር ስለሚመጣ በር ላይ ብር መስጠት ግዴታሽ አይደለም። የሻይ ብትሰጪ ግን ማን ይጠላል? ችግራቸው ቀኑ ነው። አንድ ክረምት እኛ ብሎክ ሦስት ሳምንት ሳይመጡ ቀሩ። ደረጃው ሥር የተከመረውን ዝንብና አይጥ ተካፈሉት። ከዚያ ወዲህ እርጥቡን ለብቻ መለየት ጀመርኩ። ደረቁ ወር ቢቀመጥም አይሸትም። የሽንኩርት ልጣጭና የቡና አተላ ደግሞ ታቹ በተበሳ አሮጌ ባልዲ ውስጥ አፈር እያለበስኩ አስቀምጣለሁ። ወራት ይፈጃል እንጂ ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል። በረንዳዬ ላይ ያለው ጤና አዳም ያደገው በእሱ ነው።

ለብረታ ብረት ከቆራሌው የሚሻል የለም። የምትሰጪው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሊደርስ ይችላል፤ እዚያ አሮጌ በርሜል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ግን አደባልቀሽ እንዳትሸጪ። አሉሚኒየም ድስትና የመዳብ ሽቦ ከቆርቆሮ ይበልጣሉ። እኔ አንዴ የተቃጠለ ስታቢላይዘር በተራ ብረት ዋጋ ሸጥኩ። ማታ ባለቤቴ «ውስጡ እኮ መዳብ ነበር» ሲለኝ እራቴ አልወርድ አለኝ። አሁን ሁለት ቆራሌው ሳልጠይቅ አልሸጥም።

ልዋጮች ብር አይሰጡም። አሮጌ ልብስና ጫማ ወስደው ባልዲ ወይም ብርጭቆ ይሰጡሻል። ሊለበስ የሚችል ልብስ ከሆነ ግን ለሚለብሰው ስጪው። ባልዲ ሞልቶልሻል።

ሃይላንድ በኪሎ ነው የሚሸጠው። ባዶ ጠርሙስ ደግሞ ክብደት የለውም፤ ኪሎ እስኪሞላ ቤትሽ መጋዘን ይሆናል። እኔ ውሃውን አፍስሼ ለሚሰበስቡት እሰጣለሁ። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ወደ ሱቅሽ መልሺ። ፌስታልን ማንም አይገዛሽም። ፓርላማውም በ2017 ዓ.ም. እንዲታገድ አዋጅ አጽድቋል፤ ዘንቢል ብትለምጂ ይሻልሻል።

አንድ ነገር አደራ። የተሰበረ ጠርሙስና ምላጭ ዝም ብለሽ ጆንያ ውስጥ አትጣይ። ምላጩን ሃይላንድ ውስጥ ከትተሽ ክደኚ፣ ስብርባሪውን በካርቶን ጠቅልይ። ጆንያውን በባዶ እጁ የሚፈትሽ ሰው አለ። ረጲም፣ ቆሼ የምንለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ከቆሻሻው ውስጥ የሚሸጥ እየለቀሙ የሚኖሩ ብዙ ነበሩ። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ ቤታቸው እዚያው ሥር የነበረ ቤተሰቦች አልቀዋል። እኛ ከጀሞ ስንት ዓመት ስለ ሽታው ብቻ ነበር የምናማርረው።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቆራሌው በጠዋት ያልፋል። የተበላሸ ስታቢላይዘር ካለሽ መጀመሪያ ለእኔ አሳዪኝ።