ከሩቅ የመጣ የሆሮ እንቁላል፦ ጫጩቶቹ ቅርፊት ውስጥ እየሞቱብኝ ነው

ወገኖቼ፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። የሆሮ ዶሮ የሀገራችን ዝርያ ነውና እዚህም እንዲራባ አጥብቄ እፈልጋለሁ። እንቁላሉ ከምዕራብ ኦሮሚያ በአውቶቡስ ይመጣልኛል። እንደደረሰ ሰፊውን ጫፍ ወደ ላይ አድርጌ አንድ ቀን ሙሉ አሳርፈዋለሁ፤ በባትሪ ብርሃን ስመለከተው ግን የብዙዎቹ የአየር ኪስ (በሰፊው ጫፍ ውስጥ ያለው አየር የያዘ ክፍተት) ይዋልላል። የመፈልፈያ ማሽኔ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ጫጩቶቹ ያድጋሉ፣ ደም ሥራቸው ይታያል፣ ሲንቀሳቀሱም አያለሁ፤ ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን ቅርፊቱን ሳይሰብሩ ይሞታሉ። እጅግ ያሳዝናል! ምክንያቱ የመንገዱ መናወጥ ነው ወይስ የድሬ ደረቅ አየር እርጥበቱን እየቀነሰው? የአየር ኪሱ የተናወጠውን እንቁላል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳያገላብጡ ማቆየት ይሻላል? የታቀፈች የአበሻ ዶሮ ብትፈለፍለውስ? በቆላ የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ሌላ እንቁላል በመንገድ ላይ ነው።