ከአዲስ አበባ ሐረር ለአንድ አሮጌ ሲንጀር፦ ምኑን ልይ? እንዴትስ ላምጣው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና እሰበስባለሁ። እስካሁን አራት አሉኝ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ያደግኩት እግር መኪናዋ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለቅም ነው። ስለዚህ የሆነ ቦታ ሲንጀር አለ ከተባልኩ አላስችል ይለኛል።

አሁን ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን መኪና ሊሸጡ ነው ተብሎ ፎቶ ደረሰኝ። የእግር መኪና ነው። ጥቁሩ አካል ላይ ክንፍ ያለው፣ ፊቱ የሰው የሆነ አንበሳ በወርቅማ ቀለም ተሥሎበታል። ቁጥሩ ዋይ በሚባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል።

መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መሄዱን አልፈራም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ያሉኝን መኪኖች ሁሉ የገዛሁት በዓይኔ ወድጄ ብቻ ነው፤ ምኑን ማየት እንዳለብኝ አላውቅም። ደግሞ ባለፈው ዓመት ከጅማ ያመጣሁት መኪና ከአውቶቡሱ ፖርቶ መጋላ ላይ ሲወርድ ከሰዎቹ እጅ አመለጠና የብረት እግሩ ለሁለት ተሰበረ። አስበየድኩት። ሳምንት ሳይሞላው እዚያው ላይ ተሰነጠቀ። እስከ ዛሬ ሳየው ያመኛል። ሁለተኛ እንዲህ እንዲደርስብኝ አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የመርካቶ ጠጋኝ

ልጄ፣ እኔ መኪና መጠገን ከጀመርኩ 30 ዓመት አልፎኛል። የምታይውን ልንገርሽ።

ያልሽው ሥዕል ሞዴላቸው 27 እና 127 በሆነ ሲንጀሮች ላይ የተለመደ ነው። እሱ ከሆነ ቦቢኑ፣ የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ማለቴ ነው፣ እንደ ዛሬዎቹ ክብ አይደለም። ረጅምና ቀጭን ዘንግ ነው። ታንኳ በሚመስል ትንሽ ብረት ውስጥ ይገባና ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ታንኳዋን ፈልጊ። ከመርፌው ፊትና ኋላ ሁለት ተንሸራታች ሳህኖች አሉ። ሳብ አድርገሽ ክፈቺና እይ። ታንኳዋ ከሌለች መኪናው ያምራል እንጂ አይሰፋም። ካለች ጫፏን በጥፍርሽ ዳሺ። ለስላሳና ሹል መሆን አለባት። ጥፍርሽን ከያዘች ክርም ትበጥሳለች። ሳህኖቹም ሁለቱም መኖራቸውን አረጋግጪ። እነሱ ቶሎ ነው የሚጠፉት።

ከዚያ ከጥቁሩ አካል በስተቀኝ ያለውን ጎማ በእጅሽ አዙሪው፤ ወደ ራስሽ ብቻ። እምቢ ካለ አትታገዪው። ብዙ ጊዜ የያዘው የደረቀ ዘይት ነው። በዘይት ቀዳዳዎቹ ላምባ ጠብ ጠብ አድርጊና አሳድሪው። በማግስቱ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ወዝውዢው። ሲለቅ የስፌት መኪና ዘይት ስጪው። የምግብ ዘይት ግን አደራ! ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ስንቱን መኪና እሱ አድርቆ አምጥተውልኛል። ላምባውም ሥዕሉን አይንካው። አልኮል ደግሞ ጭራሽ እንዳይደርስበት፣ የላዩን ቫርኒሽ ያሟሟዋል።

በመርፌ አትጨነቂ። 15×1 የሚባለው ተራው መርፌ ይሆነዋል፤ መርካቶ ሞልቷል። መጨነቅ ያለብሽ በስንጥቅ ነው። ጭንቅላቱን፣ የላይኛውን ጥቁር አካል ማለቴ ነው፣ ወደ ኋላ አጋድመሽ ማጠፊያዎቹ የሚገቡበትን ቦታ በባትሪ እይ። እዚያ ከተሰነጠቀ እኔም አላድነውም።

የጀጎል ልጅ

አቦ፣ እንኳን ወደ ሐረር መጣሽ! ሰፈሩን ታውቂው ይሆን? ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው መንገድ ስሙ መኪና ግርግር ነው። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ዛሬም ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው ይሰፋሉ። ጨርቅሽን ከጎኑ ሱቅ ትገዣለሽ፣ እዚያው ተሰፍቶልሽ ትሄጃለሽ። እኔ ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ድምፁን ስሰማ ቤት መድረሴን አውቅ ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እማማ ቤት እንደገባሽ ዋጋ አትጥሪ። ቁጭ በይ፣ ቡናቸውን ጠጪ፣ ስለ ባለቤታቸው ጠይቂያቸው። ያ መኪና ልጆች ያሳደገ ነው። ደግሞ ዋጋ ከመጠራቱ በፊት ከመኪና ግርግር ሰፊዎች አንዱን ይዘሽ ሂጂ። እሱ በአምስት ደቂቃ መኪናውን ያውቀዋል፣ እሳቸውም በሰፈር ሰው ፊት ሲሆን ተበደልኩ አይሉም።

ለመመለሻ በቀጥታ አውቶቡስ መሄድ ትችያለሽ። ወይም ድሬዳዋ ወርደሽ ባቡር። ከሐረር ድሬ 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ባቡሩ የሚነሳበትን ቀንና ስንት ኪሎ እንደሚያስጭኑ ግን ከመነሳትሽ በፊት ጠይቂ።

ከግላስጎው

እኔ ስለ ቁጥሩ ልጨምር። በዋይ የሚጀምር ሲንጀር የተሠራው እዚህ አጠገቤ፣ ስኮትላንድ ክላይድባንክ ነው፤ ጊዜውም ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ኢኤ እያሉ በሁለት ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ፊደል የሌለው ቁጥር ብቻ ከሆነ ደግሞ ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። እዚያ ስትደርሺ ቁጥሩን በደንብ አንብቢው፣ በጥርስ ብሩሽ ጥረጊው። ከጎማው በታች፣ በወለሉ ቀኝ ጫፍ ላይ ተቀርጿል።

ፋብሪካው በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። የባቡር ጣቢያው ስም ግን እስከ ዛሬ ሲንጀር ነው። ሥራ ስሄድ በዚያ አልፋለሁ። ስሙን ባነበብኩ ቁጥር የአባቴ መኪና ትዝ ይለኛል፤ ደሴ፣ በረንዳ ላይ።

አራት ጊዜ ያጓጓዘ

እህቴ፣ የጅማው እግር የተሰበረው የተጣለው ብረት በተፈጥሮው ተሰባሪ ስለሆነ ነው። አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ተራ ብየዳም አይዘውም። ስለዚህ ሙሉውን መኪና በፍጹም አታስጭኚ።

ጭንቅላቱን ለይው። ቺንጋውን ከጎማው ላይ አውጪ። ጭንቅላቱን አጋድመሽ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ብሎኖች አላሊያቸው፣ ከማጠፊያው ተስቦ ይወጣል። ከ10 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን አንድ ሰው ይያዝልሽ። መርፌውን ንቀዪ፣ የጨርቅ መጫኛ እግሩን አውርጂ፣ በጋቢ ጠቅልይና እግርሽ ሥር ያዢው። ረዳቱ "ላይ እንጫነው" ቢልሽ እሺ አትበዪ።

የብረት እግሩን ፍቺው። ከመፍታትሽ በፊት በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሺ። ሁለቱን ጎኖች ፊት ለፊት አድርገሽ መሃላቸው ጆንያ አስገቢና በገመድ እሰሪ። ብሎኖቹን፣ ሳህኖቹንና ታንኳዋን በአንድ ትንሽ ከረጢት አድርገሽ በራስሽ ቦርሳ ያዢ። እኔ አንዴ ብሎኖቹን መሳቢያው ውስጥ ትቼ መሳቢያው ራሱ መንገድ ላይ ቀረ።

ጠያቂዋ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሄጄ መጣሁ! ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ሳህኑን ስስበው ታንኳዋ የለችም። ልቤ ስንጥቅ አለ። አብሮኝ የመጣው ሰፊ ግን "መሳቢያውን እዪ" አለኝ። ታንኳዋ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ በክር ታስራ ተቀምጣለች። አጠገቧ የሰፊ ጠመኔ፣ ግማሽ ሜትር፣ አንድ የወታደር ኮት ቁልፍ። እማማ "እሱ ነው እንዲህ ያኖራት፤ ልጆች እንዳይነኩበት" አሉኝ።

ቁጥሩ ዋይ ነው፣ ስንጥቅ የለውም። ቦቢን መጠቅለያው ወደ ላይ፣ ጎማው አጠገብ ነው፤ ሰፊው 127 ነው ብሎኛል። ፔዳሉ ላይ ያለው ጽሑፍ በቀኝ በኩል ተበልቶ ጠፍቷል። ስንት ዓመት እዚያው ላይ ቢረገጥ ነው!

ዋጋ ከተስማማን በኋላ እማማ "አንዴ ልስፋበት" አሉ። የነጠላቸውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ሰፉ። እኔም ሰፊውም ቆመን አየን። ከዚያ ራሳቸው ቺንጋውን አወጡት።

ጭንቅላቱን እስከ አዲስ አበባ እግሬ ሥር ይዤ መጣሁ፣ ረዳቱ ሁለቴ ጠይቆኝ ሁለቴም እምቢ አልኩት። እግሩም በደህና ገባ። አሁን ገጣጥሜዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ስረግጠው ፔዳሉ ይሄዳል፣ ላይኛው ጎማ ግን ይቆማል። ጋሼ፣ ምን ሆኖ ይሆን?

የመርካቶ ጠጋኝ

እንኳን በሰላም ገባሽ ልጄ። እሱ ቺንጋው ረዝሞ ነው፤ ቆዳ ሲቆይ ይለጠጣል። የሽቦ ማያያዣውን በጉጠት ክፈቺ፣ አንድ ሁለት ሴንቲ ቁረጪለት፣ አዲስ ቀዳዳ ብሺና መልሰሽ እሰሪው። በጣም አታጥብቂው፣ ጎማውን ያከብደዋል። ቺንጋ ላይ ዘይት እንዳይነካ። ከዚያም ከቆመ ከጎማው መሃል ያለችውን ትንሿን ክብ ብሎን ከራስሽ ወደ ወዲያ አዙረሽ አጥብቂያት፤ ቦቢን ለመጠቅለል አላልተዋት ረስተዋት ይሆናል።