የታሰረው ልጅ ድራማ መጨረሻው እንዴት ይሁን?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ለትምህርት ቤት መድረክ የ15 ደቂቃ ድራማ ነው። የ14 ዓመት ልጅ የጤፍ ክምር አቃጥለሃል ተብሎ ከአዋቂዎች ጋር ታስሯል። በአዲስ ዓመት ምሕረት ይፈታና ያልቃል። ያዩት ሁሉ «ተቻኮለ» ይላሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምሕረቱን አውጣው፤ ከሰማይ ዱብ ያለ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 53 ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር እንዳይያዝ ይከለክላል። እንግዲያው መርማሪው ዕድሜውን 18 ብሎ ጽፎት ይሁን፤ የሚያስፈታው የክርስትና ምስክር ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ግን እስከ 5ኛው ደቂቃ መጠቀስ አለበት፣ አለዚያ እሱም ሌላ ምሕረት ይሆናል።

ሌላ መልስ፦ ልክ ነው፤ ችሎት ግን አታሳይ፣ ደቂቃህን ይበላዋል። በእስር ቤቱ በር ላይ ጨርሰው። እናት አገልግሉን ትከፍታለች፣ ጠባቂው «ቅመሺ» ይላታል፣ ከእንጀራው ጫፍ ቆርሳ ትጎርሳለች። ልጁ ሲጠራ አገልግሉን ለታሳሪዎቹ ትቶ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ፣ ያለ ንግግር። በመብራት ማጥፋት አትመካ፣ መብራቱ ቀድሞህ ሊሄድ ይችላል። የበሩን ድምፅ ከመጋረጃ ጀርባ ሰንሰለት በቆርቆሮ ላይ ጎትተህ አምጣው፤ በስልክ የተቀዳ ከኋላ ወንበር አይሰማም። ጠባቂውም አይጩህ፤ ሲያጋንን ተማሪው ይስቅበታል።